የአየር ጥራትና የሙቀት አማቂ ጋዝ ልኮች በጅማ የአካባቢ ልማት ፕላን ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ እየተለወጠች ነው። በኮሪደር ልማት መንገዶቿ እየሰፉ፣ የአዌቱ ወንዝ ዳርቻ እየለማ፣ በዳር ሰፈሮቿም አዳዲስ ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ የአየሯ ጉዳይ በፕላን ውይይት ላይ መነሣቱ አይቀርም። ከዚህ በታች የቀረቡት የፕላን ባለሙያዎች፣ የቀበሌ አመራሮች፣ አልሚዎችና ነዋሪዎች አብዝተው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ መልሶቹ ሕጉንና ሳይንሱን ከከተማችን ኑሮ ጋር ለማገናኘት የተጻፉ ናቸው።

የአካባቢ ልማት ፕላን ሲባል ምን ማለት ነው? ከአየር ጋርስ ምን አገናኘው?

በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የአንድ ከተማ ፕላን በሁለት እርከን ይዘጋጃል። መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን የዕድገት አቅጣጫ፣ ዋና ዋና መንገዶችንና አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀሙን ይወስናል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ከዚያ ወረድ ብሎ አንድን የከተማ ክፍል በዝርዝር ይተልማል፤ የትኛው ቁራሽ መሬት ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ፣ የትኛው ለአነስተኛ ማምረቻ እንደሚውል፣ ሕንፃው እስከ ስንት ፎቅ እንደሚወጣ፣ መንገዱ ስንት ሜትር እንደሚሰፋ የሚሠፍረው እዚህ ላይ ነው።

አየር የሚበላሸው በጭስ ማውጫ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። ነገር ግን በማገዶ የሚሠራ ዳቦ ቤት ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ቦታ ሲሰጠው፣ የባጃጅ ተራ ከጤና ጣቢያ በር ፊት ለፊት ሲመደብ፣ የአየሩ ጉዳይ በዚያው ቀን ተወስኗል። ባለቤቱ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ግድግዳውን አቁሞ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራ ከጀመረ በኋላ ለአስተዳደሩ የሚቀሩት ምርጫዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም መቅጣትና ማንሣት ናቸው፤ ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ ፕላኑ ነው።

የአየር ጥራት ደረጃና የሙቀት አማቂ ጋዝ ልክ አንድ አይደሉም ወይ?

አይደሉም። ሁለቱን አለመለየት በፕላን ሰነዶች ውስጥ ብዙ ግራ መጋባት ስለሚያስከትል ጉዳዩን በደንብ ማብራራት ይገባል።

የአየር ጥራት ደረጃ የሚናገረው ሰው በሚተነፍስበት ቦታ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ምን ያህል ጎጂ ነገር እንዳለ ነው። ስለዚህ ቦታውና ሰዓቱ ወሳኝ ናቸው፤ ከሂርማታ ገበያ የሚነሣ ጭስ በቅድሚያ የሚጎዳው እዚያው ሂርማታ ያለውን ነጋዴና ሸማች ነው። የሙቀት አማቂ ጋዝ ግን ከየትም ይውጣ ከየት ከዓለም አየር ጋር ተቀላቅሎ ለረጅም ዘመን የሚቆይ በመሆኑ የሚቆጠረው በዓመት በተለቀቀው ጠቅላላ ቶን ነው። አንድን የጡብ ማቃጠያ ከመንደር አንድ ኪሎ ሜትር ብናርቀው የመንደሩ አየር ይሻላል፤ የልቀቱ ቶን ግን ቅንጣት አይቀንስም። በተቃራኒው በአንድ ሰፈር ለመብራት የሚሠራን የናፍጣ ጄኔሬተር በኤሌክትሪክ መስመር ብንተካው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሻሻላሉ። ጎበዝ ፕላን ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ውሳኔ አጥብቆ የሚፈልግ ነው።

ልዩ መጠቀስ ያለበት ጥላሸት ነው። ከማገዶ፣ ከናፍጣና ከሚቃጠል ቆሻሻ የሚወጣው ጥቁር ካርቦን በአየር ላይ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ቢሆንም ሳንባንም ይጎዳል፣ ሙቀትም ይጨምራል። በሁለቱም መዝገብ ላይ ስሙ አለ።

ቁጥሮቹ ስንት ናቸው? የትኛውንስ እንከተል?

ለጤና እጅግ አሳሳቢ የሆነው ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ ደቃቅ ብናኝ ሲሆን፣ በባለሙያዎች ዘንድ ፒኤም 2.5 ተብሎ ይጠራል። የሰው ፀጉር ከዚህ ከ20 ጊዜ በላይ ይወፍራል፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ዘልቆ ከደም ጋር ሊቀላቀል የሚችለውም በዚህ ድቀቱ የተነሣ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የፒኤም 2.5 ዓመታዊ አማካይ በሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህንን በአንድ ጊዜ መድረስ ለብዙ ከተሞች የማይቻል መሆኑን ስለሚያውቅ 35፣ 25፣ 15 እና 10 የሚሉ መሸጋገሪያ ግቦችን በዓመታዊው ልክ ላይ አስቀምጧል። ከ10 ማይክሮሜትር ለሚያንሰው ብናኝ፣ ማለትም ለፒኤም 10፣ ዓመታዊው ልክ 15፣ የ24 ሰዓቱ 45 ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአካባቢ አየር መመሪያ ለፒኤም 2.5 ዓመታዊ 15 እና የ24 ሰዓት 65 ማይክሮግራም የሚል ልክ ይዟል።

የትኛውን እንከተል ለሚለው፣ የአገሪቱ ልክ የማይታለፍ ጣሪያ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ልክ ደግሞ የምንጓዝበት አቅጣጫ ሆኖ ቢወሰድ ይሻላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ክልሎች እንደየሁኔታቸው ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት እንደሚችሉ፣ የላላ ማውጣት ግን እንደማይችሉ ይደነግጋል። ስለዚህ አንድ የጅማ ሰፈር ፕላን በግብነት ከ15 ያነሰ ቁጥር ቢጽፍ ከሕጉ አልወጣም።

ለሙቀት አማቂ ጋዞችስ እንዲህ ያለ ቁጥር አለ?

አገራዊ ግብ አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 በፓሪስ ስምምነት መሠረት ባቀረበችው የተሻሻለ ሰነድ፣ ምንም እርምጃ ባይወሰድ እ.ኤ.አ. በ2030 ልቀቷ 403.5 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ገምታ፣ ከዚህ ላይ 68.8 በመቶውን ለመቀነስ ቃል ገብታለች። ከ68.8ቱ ውስጥ 14ቱ በራሷ አቅም፣ 54.8ቱ ግን በዓለም አቀፍ ድጋፍ የሚፈጸም ነው። ይህ የአገር ግብ እንጂ በእያንዳንዱ ሕንፃ ላይ የሚለጠፍ ጣሪያ አይደለም። ስለዚህ በሰፈር ደረጃ የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ፕላን ሲተገበር ልቀቱ ካለፈው አሠራር ያነሰ ይሆናል ወይስ የበለጠ?» የሚለው ነው፤ መልሱም በቶን መጻፍ አለበት።

ጅማ ፋብሪካ የበዛባት ከተማ አይደለችም፤ ዝናቧም ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?

ዝናቡ በእርግጥ ባለውለታችን ነው። ብናኝ ያጥባል፣ አቧራ ያስተኛል። ነገር ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት ማለዳ ተነሥቶ ከጅሬን ኮረብታ ወደ ከተማዋ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ከጣሪያዎች በላይ ተዘርግቶ የሚቆየውን ሽፋን ያውቀዋል። ከተማዋ በኮረብቶች በተከበበ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያረፈች ናት። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር ከኮረብቶቹ ተንሸራትቶ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርድና ከላዩ ሞቃት አየር እንደ ክዳን ይገጠምበታል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን እስክታሞቅ ድረስ ሥር ያለው ጭስ መውጫ የለውም። በዚያው ሰዓት ደግሞ ምድጃ ይቀጣጠላል፣ ባጃጅ ይነሣል፣ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

የጅማ ምንጮች ትንንሽና ብዙ ናቸው። ማገዶና ከሰል የሚጠቀም ወጥ ቤት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ጎጆ፣ በእንጨት የሚሠራ ዳቦ ቤት፣ የቡና ገለፈት ክምር ሲቃጠል የሚነሣው ጭስ፣ በኩርባ ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አሮጌ የናፍጣ መኪና፣ አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ያልደረሰው መንገድ አቧራ፣ የግንባታ አሸዋና ሲሚንቶ፣ ጅማ በበርጩማዋና በቤት ዕቃዋ የታወቀችበት የእንጨት ሥራ የሚያወጣው ሰጋቱራ፣ በየሰፈሩ ጥግ የሚቃጠል ቆሻሻ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር። አንድ ትልቅ ጭስ ማውጫ ቢሆን ኖሮ ማጣሪያ አስገጥሞ መገላገል ይቻል ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ትንሽ ምንጭ ግን በመሬት አጠቃቀም፣ በመንገድና በኤሌክትሪክ አቅርቦት ካልሆነ በቀር በማጣሪያ አይያዝም። ፋብሪካ የሌላት ከተማ ፕላን ይበልጥ የሚያስፈልጋት ለዚህ ነው እንጂ ያነሰ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት አቅጣጫ የሚሰፋው ሰፈር ደግሞ ገና ከአሁኑ ርቀቱን ጠብቆ እንዲተለም ያስፈልጋል።

የመለኪያ መሣሪያ በሌለበት ሰፈር እንዴት አድርገን ፕላን እናወጣለን?

ልኬት አለመኖሩ ሥራ ለማቆም ምክንያት አይሆንም። የመጀመሪያው ሥራ ምንጮቹን በእግር እየዞሩ መመዝገብ ነው፤ ስንት ዳቦ ቤት፣ ስንት ወፍጮ ቤት፣ ስንት ጋራዥ፣ ስንት ሜትር አቧራማ መንገድ፣ ስንት የቆሻሻ ማቃጠያ ጥግ እንዳለ በካርታ ላይ ሲሰፍርና በጎኑ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና አረጋውያን የሚኖሩባቸው ቤቶች ሲሰፍሩ፣ ችግሩ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ በዓይን ይታያል። የነፋሱን አቅጣጫ በግምት ከመጻፍ ይልቅ ጅማ ካለው የሜትዮሮሎጂ ጣቢያ መረጃ መውሰድ ይገባል፤ የደረቁን ወራትና የክረምቱን፣ የማለዳውንና የከሰዓቱን ለይቶ።

ዋጋቸው ዝቅ ያለ ሴንሰሮች አሁን በቀላሉ ይገኛሉ፤ ይጠቅማሉም። ይሁን እንጂ ብናኝን የሚቆጥሩት ብርሃን በመበተኑ ስለሆነ እርጥበት ሲበዛ የውኃ ጠብታውንም እንደ ብናኝ ቆጥረው ቁጥሩን ያሳብጡታል። እንደ ጅማ እርጥብ በሆነ ከተማ፣ በተለይ ጉም በሚበዛበት ማለዳ፣ ንባባቸው ብናኙን በማጣሪያ ሰብስቦ ከሚመዝን ትክክለኛ መለኪያ ጋር ለተወሰኑ ሳምንታት ጎን ለጎን ተቀምጦ ሳይስተካከል በሰነድ ላይ መጻፍ የለበትም። እንዲሁም በክረምት ለሁለት ሳምንት የተለካን ቁጥር ዓመታዊ አማካይ ብሎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ቢያንስ አንድ ደረቅና አንድ ዝናባማ ወቅት መለካት አለበት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በጤናም በአካባቢ ሳይንስም ባለሙያዎች ያሉት ተቋም በመሆኑ ይህን የመሰለ ሥራ ከተማዋ ብቻዋን እንድትሸከመው አይገደድም።

ታዲያ በፕላኑ ላይ በትክክል ምን ይጻፋል?

«የአየር ብክለት ይቀነሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም፤ ማንም አይፈትሸውም። የሚያስገድደው በካርታው ላይ የተሰመረ መስመርና በፈቃዱ ላይ የሠፈረ ቅድመ ሁኔታ ነው።

መጀመሪያ የርቀት ጉዳይ አለ። ጭስና አቧራ የሚያወጡ ሥራዎች ከትምህርት ቤት፣ ከሕክምና ተቋምና ከጥቅጥቅ መኖሪያ የሚርቁበት ሜትር በሥራ ዓይነታቸው ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ ለእንጨት ሥራና ለብረታ ብረት ብየዳ የጋራ የሆነ ክላስተር ቢመደብ የአቧራ መሳቢያውን ለብቻ መግዛት የማይችሉት በጋራ ይገዙታል። ቀጥሎ መንገድ ነው። ኮብልስቶን የሚነጠፍበትን ቅደም ተከተል ስንወስን የተሽከርካሪ ብዛትን ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ዳር የሚማሩና የሚታከሙ ሰዎችን ቁጥር ብናስገባ የብናኙ ጉዳት በፍጥነት ይቀንሳል። የባጃጅና የታክሲ ተራ ከትምህርት ቤት በር ቢያንስ አንድ ጎዳና ፈቀቅ ማለት አለበት፤ ሞተር አስነሥቶ የሚጠብቅ ተሽከርካሪ የሚያወጣው ጭስ በዝግ ቦታ ላይ ይከማቻልና።

ሰዎች አብዝተው የሚረሱት ግን ኤሌክትሪክ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከታዳሽ ምንጭ፣ በዋናነትም ከውኃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ አንድ የሚገኘውም በዚሁ በጅማ አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ከማገዶ ምጣድ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሸጋገር የቤቱም የሰፈሩም አየር ይጠራል፣ ልቀቱም ይቀንሳል። ነገር ግን አንድ ምጣድ ብቻውን ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ያሉ ቤቶች ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ጊዜ ምጣዳቸውን ቢሰኩ ትራንስፎርመሩ የማይችል ከሆነ ነዋሪው ወደ ከሰሉ ይመለሳል፤ ከሰሉም በበረንዳና በደረጃ ሥር ይቀጣጠላል። የትራንስፎርመሩ አቅም በፕላኑ ላይ ሲጻፍ የምጣዱ ጭነት አብሮ መሰላት ያለበት ለዚህ ነው። ይህ መስመር በአንድ ሰነድ ላይ ቢገባ ከብዙ ገጽ የአካባቢ ጥበቃ መግለጫ የበለጠ ሥራ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

የኢትዮጵያ የመዋቅራዊ ፕላን መመሪያ ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለግንባታ እንዲውል ይላል። ያ 30 በመቶ አረንጓዴ የት ይቀመጥ የሚለው ከስንት ይሁን ከሚለው ያላነሰ ክብደት አለው። የአዌቱ ዳርቻና የቦዬ ረግረግ ሳይገነባባቸው ክፍት ሆነው ቢቆዩ አየር የሚተላለፍባቸው መተንፈሻዎች ይሆናሉ። ረግረግ ሲደርቅና ሲታረስ ደግሞ በአፈሩ የተከማቸው ካርቦን ወደ አየር ይወጣል።

የአንድን ሰፈር ልቀት እንዴት እናሰላለን?

የስሌቱ መሠረት ቀላል ነው፤ የተቃጠለው መጠን በልቀት ቁጥሩ ይባዛል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 2.3 ኪሎ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ደግሞ ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ባጃጅ በቀን 6 ሊትር ቤንዚን እያቃጠለ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 4.1 ቶን ገደማ ይሆናል፤ በአንድ ተራ 40 ባጃጆች ቢኖሩ ከ165 ቶን በላይ ማለት ነው። የቀኑን ሊትር ከሹፌሮቹ ጠይቆ ማግኘት ይቻላል፤ ለዚህ ውድ ጥናት አያስፈልግም።

ሌሎቹ ጋዞች ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይመነዘራሉ። በብዙ አገሮች ሪፖርት በሚሠራበት ስሌት በ100 ዓመት ውስጥ 1 ቶን ሚቴን እንደ 28 ቶን፣ 1 ቶን ናይትረስ ኦክሳይድ እንደ 265 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቆጠራል። የከተሞች ልቀት አቆጣጠር ዓለም አቀፍ ሥርዓት ምንጮቹን ከከተማው ክልል ውስጥ የሚወጣ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣና ከክልሉ ውጭ የሚወጣ ብሎ ይከፍላቸዋል።

በዚህ ክፍፍል ላይ ጅማን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ከሰል የሚከስለው ከከተማው ውጭ ነው። በባህላዊው የአፈር ክምር አከሳሰል 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይፈልጋል፤ በመክሰሉ ሂደትም ሚቴን ይወጣል። በከተማው ክልል ውስጥ ያለውን ብቻ ከቆጠርን ከሰል ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ የደኑ መመናመን ከመዝገባችን ውጭ ይቀራል። በለጠ ገራን የመሰለ የተፈጥሮ ደንና የጫካ ቡና ባለበት ዞን ይህን ሳይቆጥሩ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም።

ቆሻሻን በተመለከተ ደግሞ የሚበሰብሰው ክፍል አየር በማያገኝበት ክምር ሥር ሲቀበር ሚቴን ያመነጫል፤ ሲቃጠል ደቃቅ ብናኝ ይወጣል። ከምንጩ ተለይቶ ኮምፖስት ሲሆን ሁለቱም ይቀራሉ። ለማቆያና ለኮምፖስት የሚሆን ቦታ በሰፈር ፕላን ላይ ካልተመደበ ግን መለየቱ ከምክር አያልፍም።

የአየር ጥራቱና የልቀቱ ጉዳይ ሲጋጩስ?

ይጋጫሉ፤ ይህንን መደበቅ አይገባም። የታወቀው ምሳሌ የካሊፎርኒያ ነው። የግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የመሬት አጠቃቀም መመሪያ፣ በቀን 100,000 ተሽከርካሪ ከሚያልፍባቸው የከተማ መንገዶች በ150 ሜትር ገደማ ውስጥ አዲስ መኖሪያም ሆነ ትምህርት ቤት እንዳይሠራ መከረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው ሕግ ደግሞ የመኪና ጉዞና ልቀት እንዲቀንስ ቤቶች ወደ ሕዝብ ማመላለሻ መስመሮች እንዲጠጉና እንዲጠጋጉ አበረታታ። አንዱ «ከመንገድ ራቁ» ሲል ሌላው «ወደ መንገድ ቅረቡ» አለ።

የጅማ መንገዶች እንዲህ ያለ ጭነት የላቸውም፤ ጥያቄው ግን በልኩ ይመጣል። በዋና መንገድ ዳር ፎቅ እንዲበዛ ስንፈቅድ ጉዞ ያጥራል፣ ልቀት ይቀንሳል፤ በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው የሚተነፍሰው ጭስ ግን ይጨምራል። መፍትሔው የሕንፃው አጠቃቀም ላይ ነው። የመንገዱን ፊት ለሱቅና ለቢሮ ሰጥቶ መኝታ ቤትን፣ መዋዕለ ሕፃናትንና ክሊኒክን ወደ ውስጥ መመለስ፣ ሕንፃዎቹም መንገዱን እንደ ግድግዳ ዘግተው ጭሱን እንዳያፍኑት በመካከላቸው ክፍተት መተው ይቻላል።

ሌላው ግጭት ቡታ ጋዝ ነው። ከምድር የሚወጣ ነዳጅ በመሆኑ በልቀት መዝገብ ላይ ይመዘገባል፤ በቤት ውስጥ ጭሱ ግን ከማገዶ ጋር አይወዳደርም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቤት እናትና ሕፃን በጭስ ውስጥ ከሚውሉ ቡታ ጋዙን መምረጥ ይገባል። በሁለቱ መዝገቦች መካከል ምርጫ የግድ ሲሆን የሰው ሳንባ ይቅደም።

ዛፍ መትከል አይበቃም?

አይበቃም። ዛፍ ጥላ ይሰጣል፣ ጥቂት ብናኝ በቅጠሉ ይይዛል፣ ካርቦን ያከማቻል። ነገር ግን በጠባብ መንገድ ላይ ጭንቅላታቸው የተገናኙ ትልልቅ ዛፎች ጭሱን ከሥራቸው ሊያፍኑት ይችላሉ። በመንገዱና በእግረኛው መካከል የሚተከል ጥቅጥቅ ያለ አጥር መሰል ተክል በዚህ ረገድ ይሻላል። ከምንጩ ላይ ያልቀነስነውን ጭስ ዛፍ አያጸዳልንም።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ እያለ ፕላኑ ለምን ይደክማል?

አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልጋቸው ፕሮጀክቶች ይሁንታ ሳያገኙ እንዳይጀመሩ፣ ፈቃድ ሰጪ አካላትም ይህን ሳያረጋግጡ ፈቃድ እንዳይሰጡ ይደነግጋል። ትልቅ ዋስትና ነው። ሆኖም ግምገማው የሚመለከተው አንድን ፕሮጀክት በአንድ ጊዜ ነው። አሥር ዳቦ ቤቶች እያንዳንዳቸው ለግምገማ የማይደርሱ ትንንሽ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንድ መንገድ ላይ ሲደረደሩ ግን እንደ አንድ ትልቅ ምንጭ ናቸው። ይህን ድምር የሚያየው ፕላኑ ብቻ ነው።

አዋጁ የሕዝብ አስተያየት እንዲሰማም ያዛል። በጅማ ይህ ማለት ሰነዱ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም በግልጽ ቋንቋ ተዘጋጅቶ፣ ስብሰባውም የገበያ ቀን ባልሆነ ሰዓት ተጠርቶ፣ ጭሱን በየቀኑ የሚተነፍሱት ጉልት ሻጮችና እንጀራ ጋጋሪዎች የሚናገሩበት መሆን አለበት ማለት ነው።

ነባር ዳቦ ቤቶችና የእንጨት ሥራዎች ይነሣሉ ማለት ነው?

መነሣት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም። በእነዚህ ሥራዎች ብዙ ቤተሰብ ይተዳደራል። ለነባሮቹ የጊዜ ገደብ ያለው የማሻሻያ ዕቅድ መስጠት ይሻላል፤ ጭስ ማውጫውን ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ማስረዘም፣ እርጥብ ማገዶን መተው፣ ቀስ በቀስ ወደ ኤሌክትሪክ መጋገሪያ መሸጋገር፣ ሰጋቱራውን ከማቃጠል ይልቅ መሰብሰብ። የቡና ገለፈት ደግሞ ወደ ኮምፖስት ወይም ወደ ማገዶ ጡብ ሊለወጥ የሚችል ሀብት ነው።

በኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠልስ?

«ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ፣ ማለትም ከኢንፍሉዌንዛው ወረርሽኝ ጋር የተያያዘ ነው። ዓላማው ንጽሕና ነበር፤ ዛሬ የሚቃጠለው ቆሻሻ ግን ፕላስቲክና ጎማ ይገኝበታል፤ ቀኑም ጭሱ ከሸለቆው በማይወጣበት ደረቅ ወር ላይ ይውላል። የማጽዳቱን ልማድ ይዞ ማቃጠሉን መተው ይቻላል፤ ለዚያ ቀን ተጨማሪ የቆሻሻ መኪና መመደብ ከማስጠንቀቂያ ይበልጥ ይረዳል።

ነዋሪ ቅሬታ ቢኖረው ምን መብት አለው?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ያረጋግጣል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው ጥቅሙ በቀጥታ የተነካ መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል አካል ላይ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የመወሰኛ ጊዜው ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው በጽሑፍ ሆኖ ጭሱ የሚወጣበት ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ ከተቻለም ፎቶግራፍና የአካባቢ ልማት ፕላኑ ለዚያ ቦታ የፈቀደው አገልግሎት አብሮ ቢጠቀስ ጉዳዩን ይበልጥ ያጠናክረዋል። አቤቱታው የቀረበበትን ቀን የሚያሳይ የመዝገብ ቁጥር ወይም ማኅተም መቀበልም ያስፈልጋል፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነውና።